በስፍር የተጻፈውን በግራም ማወቅ፦ የአንድ ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ የመለኪያ ኩባያዎቹና የመቀየሪያ መተግበሪያው ግምገማ

አንድ ኩባያ ዱቄት ስንት ግራም ይመዝናል? ኬክ የጋገረ ወይም ዳቦ ያቦካ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ያጋጥመዋል። አንዱ የምግብ አሰራር በኩባያና በማንኪያ ተጽፎ ይገኛል፤ ሌላው በግራም ተጽፎ ይገኛል፤ በእጃችን ያለው መለኪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። ከስምንት ወራት በፊት እዚህ የምገመግመውን ጥቅል የገዛሁት ይህን ችግር ይፈታልኛል ብዬ ነው። ጥቅሉ ሦስት ነገሮችን ይዟል፦ እስከ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝንና በ1 ግራም ልዩነት የሚያሳይ ጠፍጣፋ ዲጂታል ሚዛን፣ አራት የመለኪያ ኩባያዎች ከአራት የመለኪያ ማንኪያዎች ጋር፣ እንዲሁም ስልክ ላይ ተጭኖ ስፍርን ወደ ክብደት፣ ክብደትንም ወደ ስፍር የሚቀይር መተግበሪያ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም። የማነሳቸው ጠንካራና ደካማ ጎኖች በዚህ ዓይነት ዕቃዎች ላይ በብዛት የሚታዩ ስለሆኑ፣ የትኛውንም ስሪት ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ቢያስተውላቸው ይጠቅሙታል ብዬ አምናለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሚዛኑ በጣም ጥሩ ነው፤ ዛሬ ቢሰበርብኝ ነገ ያንኑ እገዛለሁ። ማንኪያዎቹ ያገለግላሉ፤ ከኩባያዎቹ ሁለቱ ግን ልካቸውን አልጠበቁም። መተግበሪያው በራሱ ቁጥሮች ብቻ ከተሠራበት ያሳስታል፤ ባለቤቱ የራሱን ቁጥሮች ሲያስገባበት ግን ዋጋ ያለው መሣሪያ ይሆናል። ሚዛኑ ላይ ያለው «ሚሊ ሊትር» የሚል ቁልፍ ደግሞ ከጥቅሉ ሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ነገሩን ለመረዳት ከዱቄት መጀመር ይሻላል፤ ዱቄት ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስት ነው። ስፍር የሚነግረን ዕቃው የያዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን የሚነግረን ደግሞ የዕቃውን ክብደት ነው። በሁለቱ መካከል የሚያገናኘው ድልድይ እፍግታ ይባላል፤ ማለትም የዚያ ዕቃ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚገልጸው ቁጥር ነው። ለውሃ ይህ ቁጥር ከአንድ የማይለይ ስለሆነ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ 240 ግራም ነው ብንል ለወጥ ቤት ሥራ ምንም ስህተት የለበትም። ዱቄት ግን በብናኞቹ መካከል አየር ይዞ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ አየሩ ምን ያህል እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ የሰፋሪው እጅ ነው።

ይህን በቃል ብቻ ከመቀበል ይልቅ በገዛ እጄ ለመሞከር ወሰንኩ። ከአንድ ከረጢት በወጣ አንድ ዓይነት የስንዴ ዱቄት፣ በአንድ ኩባያ፣ በአራት አሰፋፈር አምስት አምስት ጊዜ ሰፍሬ መዘንኩ። መጀመሪያ ዱቄቱን በማንኪያ ጨልፌ ኩባያው ውስጥ እየነሰነስኩ፣ ትርፉን በቢላዋ ጀርባ ስጠርገው ከ121 እስከ 127 ግራም ሆነ። ቀጥሎ ኩባያውን ራሱን ዱቄቱ ውስጥ ነክሬ ስዝቅና ትርፉን ስጠርግ ከ143 እስከ 152 ግራም መዘነ። በሦስተኛው ሙከራ ዝቄ ካወጣሁ በኋላ ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጌ፣ የጎደለውን ሞልቼ ስጠርገው ወደ 167 ግራም ደረሰ። በመጨረሻም ወንፊቱን ከኩባያው በላይ ይዤ ዱቄቱን ስነፋበት 108 ግራም አካባቢ ሆነ። ኩባያው ያው ነው፣ ዱቄቱም ያው ነው፤ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለው ልዩነት ግን ወደ 60 ግራም ይጠጋል።

መተግበሪያው ለአንድ ኩባያ ዱቄት የሚሰጠው መልስ 125 ግራም ነው። ይህ ቁጥር ስህተት አይደለም፤ በማንኪያ ተነስንሶ ለተጠረገ ዱቄት ትክክለኛ ግምት ነው፤ ብዙዎቹ የታተሙ ሠንጠረዦችም ከ120 እስከ 130 ግራም ባለው ክልል ውስጥ ያስቀምጡታል። ቅሬታዬ መተግበሪያው ቁጥሩ የትኛውን አሰፋፈር እንደሚወክል የትም ቦታ አለመናገሩ ነው። የምግብ አሰራሩን የጻፈው ሰው ኩባያውን የሚዝቅ ከሆነ፣ ሦስት ኩባያ ሲል 450 ግራም ያህል ዱቄት ማለቱ ነው፤ መተግበሪያው ደግሞ 375 ግራም ይለናል። ውሃው በሁለቱም 260 ግራም ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሊጥ ውሃው የዱቄቱን 58 በመቶ ያህላል፣ በሁለተኛው ደግሞ 69 በመቶ። ሊጥ ያቦካ እጅ ይህን ልዩነት ወዲያው ያውቀዋል፦ አንዱ ጠንከር ብሎ ጠረጴዛ ላይ ቅርጹን ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ሲተዉትም ተዘርግቶ ይተኛል። ለዓመታት «ዛሬ ዱቄቱ ምን ሆነ?» እያልኩ ዱቄቱን ስወቅስ ኖሬአለሁ፤ የሚለዋወጠው ግን አሰፋፈሬ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ በብዙ አሰራሮች ላይ የሚታይ አንድ የቃል አቀማመጥ ልጥቀስ። «አንድ ኩባያ የተነፋ ዱቄት» እና «አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ተነፍቶ» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ነፍተህ ስፈር ማለት ሲሆን ሁለተኛው ሰፍረህ ንፋ ማለት ነው፤ ከላይ ባለው ሙከራዬ መሠረት በመካከላቸው እንደ አሰፋፈሩ ከ13 ግራም ጀምሮ ወደ 60 ግራም እስከሚጠጋ ልዩነት ሊኖር ይችላል። በግራም የተጻፈ አሰራር ይህን ጥርጣሬ ከነጭራሹ ያስቀራል፤ 125 ግራም ዱቄት ቢነፋም ባይነፋም 125 ግራም ነው።

ወደ ኩባያዎቹ ልለፍ። በትልቁ ኩባያ እጀታ ላይ 240 ሚሊ ሊትር የሚል ተቀርጿል። ኩባያ የሚለው ቃል ራሱ ግን በዓለም ላይ አንድ ልክ የለውም። በአሜሪካ የተለመደው ኩባያ ፓይንት የተባለው የአሜሪካ የስፍር መለኪያ ግማሽ ሲሆን 236.6 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ እዚያው አገር በምግብ ማሸጊያ ላይ ለሚጻፈው የምግብ ይዘት መግለጫ ግን 240 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይታሰባል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 250 ሚሊ ሊትር፣ በጃፓን 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ በድሮ የእንግሊዝ አሰራሮች ላይ ደግሞ የግማሽ ፓይንቱ ኩባያ 284 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። አንድ የአሜሪካ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ከሆነ፣ በ250ው ኩባያ 211፣ በ200ው ኩባያ 169 ግራም ይሆናል ማለት ነው። የሾርባ ማንኪያም እንዲሁ ነው፤ በአብዛኛው 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ሚሊ ሊትር ነው። የሻይ ማንኪያ ብቻ ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ 5 ሚሊ ሊትር ሆኖ ይገኛል።

መተግበሪያው የኩባያውን ዓይነት ማስመረጡን አመሰግናለሁ፤ ምርጫው ግን መቅረብ በሚገባው ቦታ አልቀረበም። ዋናው ገጽ ላይ መሆን ሲገባው፣ በማስተካከያው ውስጥ ሦስት ገጽ ታልፎ ነው የሚገኘው፤ ሳይነካ ሲቀር ደግሞ በ236.6 ሚሊ ሊትር ያሰላል። ከጥቅሉ ጋር የመጣው ኩባያ 240 እያለ መተግበሪያው በሌላ ልክ ማስላቱ፣ ልዩነቱ አንድ በመቶ ተኩል ቢጠጋም እንኳ፣ አምራቹ ሁለቱን አብሮ እንዳልፈተሸ ያሳያል።

ኩባያዎቹን የፈተሽኩት በውሃ ነው፤ ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ በአምስት ደቂቃ ሊያደርገው ስለሚችል አካሄዱን ልግለጽ። ደረቁን ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ወደ ዜሮ መለስኩት፤ ከዚያ ውሃው ከጠርዙ ጋር እኩል እስኪሆን፣ ሳያጎብጥም ሳይጎድልም፣ በመጨረሻው ላይ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ሞላሁት። ባለ አንዱ ኩባያ 241 ግራም፣ ግማሹ 119 ግራም ያዙ፤ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ሲሶው 80 መያዝ ሲገባው የያዘው 76 ግራም ነው፣ ሩቡ ደግሞ 60 መያዝ ሲገባው 63 ያዘ። አንድ ኩባያ ስኳር በሲሶው ሦስት ጊዜ የሚሰፍር ሰው በ228 ሚሊ ሊትር ይቀራል፣ በሩቡ አራት ጊዜ የሚሰፍረው ደግሞ 252 ሚሊ ሊትር ያስገባል። ሁለቱም «አንድ ኩባያ ነው የጨመርኩት» ብለው በሙሉ ልብ ይናገራሉ፤ በመካከላቸው ግን አሥር በመቶ የሚሆን ልዩነት አለ። ማንኪያዎቹ በተመሳሳይ ፈተና የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ውሃ 49 ግራም መዘነ።

አሁን ወደ ሚሊ ሊትር ቁልፉ። ሚዛኑ በአንድ ቁልፍ ከግራም ወደ አውንስ፣ ወደ ፓውንድ፣ ወደ ሚሊ ሊትርና ወደ ፈሳሽ አውንስ ይዞራል። ግራምን ወደ አውንስና ወደ ፓውንድ መቀየር ንጹሕ ሒሳብ ነው፤ ሁለቱም የክብደት መለኪያዎች ስለሆኑ አንድ አውንስ ሁልጊዜ 28.35 ግራም፣ አንድ ፓውንድ ሁልጊዜ 453.6 ግራም ነው። ሚሊ ሊትር ግን ስፍር ነው፤ ሚዛን ደግሞ ስፍርን ማየት አይችልም። ሚዛኑ የሚያደርገው የመዘነውን ግራም ወስዶ ዕቃው ውሃ ነው ብሎ በመገመት ቁጥሩን መልሶ ማሳየት ብቻ ነው። ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ለወተት የተሠራ አቀማመጥም አለው፤ በዚያ ላይ ሚዛኑ 1.03 ግራምን እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ይቆጥራል። ይህ ትክክል ነው፤ 250 ሚሊ ሊትር ወተት 257 ግራም ያህል ይመዝናልና። ከውሃና ከወተት ውጭ ላለ ማንኛውም ነገር ግን ቁልፉ የሚያሳየው ቁጥር እውነት አይደለም።

ይህን የተማርኩት ማር በሚገባበት ኬክ ነው። አሰራሩ ግማሽ ኩባያ፣ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ማር ይል ነበር። ሚዛኑን ሚሊ ሊትር ላይ አድርጌ ቁጥሩ 120 እስኪደርስ አፈሰስኩ። የጨመርኩት ማር ግን 120 ግራም ብቻ ነበር፤ የማር እፍግታ 1.42 አካባቢ ስለሆነ 120 ሚሊ ሊትሩ 170 ግራም መመዘን ነበረበት። 50 ግራም ማር ጎደለ ማለት ነው፤ ኬኩም ደረቅ ብሎ፣ ጣፋጭነቱ ጎድሎ፣ እንደሚጠበቀው ሳይጠቁር ወጣ። በዘይት ላይ ስህተቱ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል 120 ሚሊ ሊትሩ 110 ግራም ነው፣ ቁልፉን አምኖ 120 እስኪያሳይ የሚያፈስ ሰው ግን 130 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። አብሮት የመጣው አነስተኛ መመሪያ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አይናገርም። ቁልፉ ባይኖር ይሻል ነበር፤ ካለም ስክሪኑ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ውሃ» የሚል ጽሑፍ ገዝፎ መታየት ነበረበት፤ አሁን ያለው የምስጥን ዓይን የሚያህል የጠብታ ምልክት ብቻ ነው።

አውንስም ተመሳሳይ ወጥመድ አለበት። የክብደቱ አውንስና የፈሳሹ አውንስ በስም ተመሳሰሉ እንጂ የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው፤ የአሜሪካው ፈሳሽ አውንስ 29.57 ሚሊ ሊትር፣ የእንግሊዙ 28.41 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ኩባያ ስምንት ፈሳሽ አውንስ ስለሆነ ብቻ «8 አውንስ ዱቄት» የሚለውን አንድ ኩባያ ነው ብሎ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። ስምንት የክብደት አውንስ ዱቄት 227 ግራም ነው፤ ይህም ሁለት ኩባያ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ነው።

መተግበሪያው ውስጥ ያለው የምግብ ዓይነቶች ዝርዝር ረጅም ነው፤ ጥራቱ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ስኳር 200 ግራም፣ ቅቤ 227 ግራም፣ ወተት 244 ግራም፣ ዘይት 218 ግራም የሚሉት የአንድ ኩባያ ቁጥሮች ከመዘንኩት ጋር ይስማማሉ፤ ስኳር ፍሬው እኩልና ደረቅ ስለሆነ ማንም ቢሰፍረው ብዙ አይለዋወጥም፣ ፈሳሾችም አየር አይዙም። ቅቤ ላይ ያለኝ አስተያየት አንድ ብቻ ነው፤ ጠንካራ ቅቤን ኩባያ ውስጥ ጠቅጥቆ መስፈር እጅንም ኩባያንም ከማቆሸሽ በቀር ጥቅም የለውም፣ ቆርጦ መመዘን ይሻላል። ቡናማ ስኳር ላይ መተግበሪያው 220 ግራም ይላል፤ ይህ በኩባያ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ተጠቅጥቆ ለተሰፈረ ትክክል ሲሆን፣ ሳይጠቀጠቅ የተሰፈረው ግን እኔ ስመዝነው ከ150 ብዙ አልራቀም። ዱቄት ስኳርና ኮኮዋም እንደ ዱቄቱ የእጅ ነገር ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጨው ነው። መተግበሪያው «ጨው» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለው፤ የሻይ ማንኪያውንም 6 ግራም ይለዋል። ለደቃቅ የገበታ ጨው ይህ ልክ ነው። ሻካራና ቅርፊት መሰል ጨው ግን በፍሬዎቹ መካከል ብዙ ባዶ ቦታ ስለሚተው የሻይ ማንኪያው 3 ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። በሻካራ ጨው የተጻፈን «ሁለት የሻይ ማንኪያ» በደቃቁ የሰፈረ ሰው እጥፍ ጨው ጨመረ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ምላስ ይቅር አይለውም። በግራም ሲሆን ግን ደቃቁም ሻካራውም እኩል ያጣፍጣል፤ ለ500 ግራም ዱቄት 10 ግራም ጨው የሚል የዳቦ አሰራር የጨውን ዓይነት መጥቀስ እንኳ አያስፈልገውም። የተከተፈ ለውዝ፣ የተፈቀፈቀ አይብና የተቀነጠሰ ቅጠላ ቅጠልም በዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል፤ እነዚህ ግን የአከታተፉን ድቃቄ ሳያውቁ ሊቀየሩ የሚችሉ አይደሉም፣ ቢወጡ ይሻል ነበር።

መተግበሪያውን ያዳነው አንድ ነገር አለ፤ የራስን ቁጥር ማስገባት ይፈቅዳል። ከእያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ጎን ባለው እርሳስ ምልክት ገብቶ «የኔ ኩባያ» በሚለው ቦታ ላይ ግራሙን መጻፍ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ቅየራው ሁሉ በዚያ ቁጥር ይሰላል። እኔ ዱቄቱን አምስት ጊዜ ሰፍሬ መካከለኛውን 124 ብዬ አስገባሁ፤ ከስሩም «በማንኪያ ተነስንሶ የተጠረገ» የሚል ማስታወሻ ጻፍኩ። አንድ ሰው የሚወደውንና ለዓመታት በኩባያ ሲሠራው የኖረውን አሰራር ወደ ግራም ለማሻገር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ እንደ ልማዱ ይስፈር፣ የሰፈረውን ይመዝን፣ ቁጥሩን ይጻፍ። የራሱ እጅ የሰፈረውን የትኛውም የታተመ ሠንጠረዥ ሊያውቅለት አይችልም።

እዚህ ላይ ስለ ኩባያ አንድ ነገር በመልካም ጎኑ መናገር ይገባኛል። በቦስተን የምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤትን ትመራ የነበረችው ፋኒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ፣ ኩባያና ማንኪያ ትርፋቸው ተጠርጎ እኩል እንዲሆኑ አጥብቃ ጽፋለች፤ ይህ ልማድ በአሜሪካ ወጥ ቤቶች እንዲሰፋም ትልቅ ድርሻ አላት። ከዚያ በፊት «አንድ እፍኝ»፣ «የእንቁላል ያህል ቅቤ» የሚሉ መለኪያዎች የተለመዱ ስለነበሩ፣ የተጠረገው ኩባያ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዛሬም ሚዛን በሌለበት ቤት የተጠረገ ኩባያ ከግምት ይሻላል፤ እንዲያውም በጣም ትንንሽ መጠኖች ላይ ማንኪያው ሚዛኑን ይበልጠዋል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ያልኩት እርሾ ስመዝን ነው። 3 ግራም ደረቅ እርሾ ለመመዘን ጎድጓዳውን ሳህን አስቀምጬ ወደ ዜሮ ከመለስኩ በኋላ በጣቶቼ ቆንጠር ቆንጠር እያደረግኩ ስበትን ቁጥሩ ዜሮ ላይ እንደቆመ ቀረ። ሳህኑን አንስቼ ስመልሰው 4 ግራም አሳየ። ምክንያቱ ሚዛኑ በራሱ ጊዜ ዜሮውን የሚያስተካክል መሆኑ ነው፤ የሙቀት ለውጥና የባትሪ መድከም ቁጥሩን እንዳያንሸራትቱት ተብሎ፣ በዜሮ አካባቢ ቀስ ብሎ የሚመጣን ትንሽ ለውጥ እንደ መንሸራተት ቆጥሮ ይውጠዋል። መፍትሔው እርሾውን በሌላ ትንሽ ዕቃ ላይ አድርጎ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ነው። ይሁንና በ1 ግራም ልዩነት የሚያሳይ ሚዛን 3 ግራም ላይ አንድ ግራም ቢሳሳት ስህተቱ ሲሶ ያህል ነው፤ የተጠረገ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ግን ሁልጊዜም 3 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ ከ5 ግራም በታች ለሆኑ እርሾ፣ ቤኪንግ ፓውደርና ቅመሞች ማንኪያውን እጠቀማለሁ፤ በግራም መሥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በ0.1 ግራም የሚያሳይ ሁለተኛ ትንሽ ሚዛን ያስፈልገዋል።

ከዚያ በላይ ላለው ሁሉ ግን ሚዛኑ ታማኝ ነው። ባለ 500 ግራም የመፈተሻ ክብደት መሃሉ ላይ ሳስቀምጥ 500፣ በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ስሞክረው ከ499 እስከ 501 አሳየ። ጠንካራና ደልዳላ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ፎጣ ላይ ሳስቀምጠው 20 ግራም ያህል አጎደለ። በየቀኑ የምጠቀምበት ወደ ዜሮ መመለሻው ቁልፍ ነው፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ ዱቄቱን እመዝናለሁ፣ ዜሮ አደርጋለሁ፣ ስኳሩን እጨምራለሁ፣ ዜሮ አደርጋለሁ፣ ወተቱን አፈሳለሁ፤ የሚታጠብ ኩባያም ማንኪያም አይኖርም። ለሚያጣብቁ ነገሮች ደግሞ ተቃራኒውን አደርጋለሁ፤ የማሩን ማሰሮ ራሱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጬ ዜሮ ካደረግኩ በኋላ በማንኪያ እየቀነስኩ ወደ ሊጡ እወስዳለሁ፣ ስክሪኑ 170 ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጎ ሲያሳይ ማሩ በቂ ሆነ ማለት ነው። በኩባያ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ማር የለም።

ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። ሰፊ ሳህን ሲቀመጥበት ስክሪኑ ይሸፈናል፤ አንገት አጎንብሶ ከስር ማየት ግድ ይሆናል። ሌላው ሚዛኑ ሳይነካ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ራሱን ማጥፋቱ ነው፤ በመካከል እንቁላል ለመስበር ወይም ቅቤ ለማቅለጥ ዞር ብለን ስንመለስ የነበረው ቁጥር ጠፍቶ ይቆያል፣ እስከዚያ የገባውም ሁሉ እንደገና በግምት ይሆናል። ስክሪኑ በገመድ የሚወጣና የሚጠፋበት ጊዜ የሚስተካከል ስሪት ያገኘ ሰው እሱን ቢመርጥ እመክራለሁ።

አሰራርን ማሳነስና ማብዛት ላይ በግራም መሥራት ያለው ጥቅም ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሲሶ ኩባያን ግማሽ ለመስፈር የሚሆን ኩባያ በጥቅሉ ውስጥ የለም፤ የሲሶ ኩባያ ስኳር ክብደት የሆነው የ67 ግራም ግማሽ ግን 34 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላልን ለሁለት መክፈል ሲያስፈልግ እንኳ፣ ከቅርፊቱ የወጣ ትልቅ እንቁላል 50 ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ መትቶ 25 ግራሙን መውሰድ ይቻላል።

ጥቅሉን ለማን እመክራለሁ? ኬክና ዳቦ አዘውትሮ ለሚጋግር፣ ከተለያዩ አገሮች የተጻፉ አሰራሮችን ለሚሞክር፣ ወይም የእናቱን አሰራር ልኩን ይዞ ለልጆቹ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ሚዛኑን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ወጥና ሾርባ ብቻ ለሚሠራ፣ እየቀመሰ ለሚያስተካክል ሰው ግን አስፈላጊነቱ ያን ያህል አይደለም። ሚዛኑ ለብቻው የሚገኝ ከሆነ ለብቻው ይገዛ፤ ኩባያዎቹ አብረው ከመጡም መጀመሪያ በውሃ ይፈተሹ። እኔ በሲሶው ኩባያ እጀታ ላይ «76» ብዬ፣ በሩቡ ላይ ደግሞ «63» ብዬ በማይለቅ ቀለም ጽፌባቸዋለሁ።